ሲመሽ መቆም የነበረበት ጨዋታ

ጌትዬ፣

ለማንም ያልተናገርኩትን ላንተ ልናገር፤ አንተ እንደሆንክ ድሮም ታውቀዋለህ። ዓይኑ ደክሟል ብዬ የነገርኳቸው ውሸቴን ነው። ዓይንህ ደህና ነበር።

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤታችን እንዳለ ነው። በግራ በኩል ያለው ሊፍት ዛሬም ይበላሻል፤ ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ስወጣ ሁለቴ አርፋለሁ። ወንበርህን ከመስኮቱ አላነሳሁትም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንበብ አብዝቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ፣ ያለ አስተማሪ እንደሆነ ታውቃለህ። እንግሊዝኛውን ደግሞ አንተ ከሄድክ በኋላ በክሪኬት ሕግ መጽሐፍህ ጀመርኩት። ሌላው ሰው በልጆች ተረት ይጀምራል።

ማክሰኞ ዕለት ሊፍቱ አጠገብ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ቅዳሜ ከፎቆቹ ጀርባ ባለው ሜዳ የቀንና የማታ የክሪኬት ግጥሚያ አለ፤ አደጋው ከደረሰባት ከዚያች ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ላንተ መታሰቢያ እንደሆነ ከታች ስምህ ተጽፏል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ ሰዓቱን ፈለገ። የምግብ እረፍት በዚህ አገር አቆጣጠር ማታ ሰባት ሰዓት ይላል፤ ጨዋታው የሚቀጥለው ሰባት ከአርባ። በነሐሴ መጨረሻ እዚህ ፀሐይ የምትገባው ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ከእረፍት በኋላ ቀድመው ኳሷን በዱላ ከሚመቱት አንዷ ናስሪን ናት፤ ሰባተኛ ፎቅ ያለው የረፊቅ ልጅ።

ክሪኬትን ያስተማረህ ጅማ ትምህርት ቤት የነበረው ህንዳዊ የሂሳብ መምህርህ ነው። እዚህ ሰፈር፣ ክሬሰንት ታውን፣ በገባን በሁለተኛው ሳምንት የባንግላዴሽ ልጆች ታች ሲጫወቱ አየህና፣ ዳኛ የሌለበትን ጨዋታ ከባልኮኒ ሆነህ «ወጥቷል! ኳሷ እግሩን መታችው፣ ከጨዋታ ወጥቷል!» እያልክ ጮህክ። እኔ በኀፍረት ወደ ውስጥ ገባሁ። ያኔ ነው ረፊቅ አንገቱን ቀና አድርጎ «አንክል፣ ፍርዱ ከሰማይ ነው እንዴ የሚመጣው? ውረድና ፍረድ!» ያለህ። ወረድክ፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የእኔ አልሆነም።

የቀንና የማታውን ለምን እንደምትወደው ነግረኸኛል። ቀን ብቻ ሲሆን ሠራተኛው አያየውም ትል ነበር። አመሻሽ ላይ ሲሆን ሺፍት የጨረሱት ነርሶች ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ይመጣሉ፤ ሾፌሮቹ ይመጣሉ፤ እናቶች ጋሪ እየገፉ ይመጣሉ፤ ባልኮኒው ሁሉ ሰው ይሆናል። ፍትሑ ግን ያሳስብህ ነበር። ዕጣው የወጣለት ቡድን በቀን ብርሃን ኳሷን ይመታና ሌላውን ለምሽት ይተወዋል። ማታ ደግሞ ጤዛ ወርዶ ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ሙልጭ ትላለች። ያም ሆኖ በዕጣውና በጤዛው ብትደራደርም፣ ቀኑ ሄዶ መብራቱ ገና ባልበረታበት በዚያች ግማሽ ሰዓት ግን አትደራደርም። «ዘኒ፣ አንቺ ምስር በዚያ ሰዓት ትለቅሚያለሽ?» ብለህ ጠየቅከኝ። አልለቅምም፣ ጠጠሩ አይታየኝም አልኩህ። «እነሱም ኳሷ አትታያቸውም። ሮዝ ናት፤ ሰማዩም ያኔ ሮዝ ነው። ስለዚህ የራቱን እረፍት እዚያ ላይ አደርገዋለሁ። ለማንም በማይሆን ብርሃን ማንም አይጫወት።»

ሰማሁህ፤ ገባኝም። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

አደጋው የደረሰ ዕለት ምግቡ የእኔ ነበር፤ ሩዝና ሳምቡሳ። ማታ ዌስተን ባለው ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም ነበረኝ፤ የምታደርሰኝ አንተ ነህ። ጨዋታው ግን ተጓተተ። እረፍቱ ቀደም ካለ ሁሉም ቀደም ይላል ብዬ፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ድስቱን ከፈትኩና «ኑ፣ ሳይቀዘቅዝ ብሉ!» አልኩ። የራባቸው ልጆች ሜዳውን ጥለው መጡ። አንተ ከመሀል ሆነህ መጀመሪያ ሰማዩን አየህ፤ ቀጥሎ እኔን። ሰው ፊት ልታሳፍረኝ አልወደድክም። እጅህን አንስተህ እረፍት ነው አልክ።

ተበልቶ ሲያበቃ ፀሐይ ልትገባ ነበር። አንድ እረፍት ተሰጥቷል፤ ሁለተኛ እረፍት እንዳትሰጥ ካፒቴኖቹ ተቆጡ። የሚመታው ረፊቅ ነበር። ኳሷን አላያትም፤ ከሄልሜቱ ጥላና ከፊቱ ፍርግርግ መሀል ገባች። ግራ ዓይኑ ከዚያ ወዲህ ብርሃን አላየም። ከሆስፒታል ሲወጣ ራሱ ነበር ያሳቀን፤ «ከእንግዲህ ፊልም ቤት በግማሽ ትኬት ነው የምገባው» ብሎ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የጨዋታው ኮሚቴ ሰብስቦ ሲጠይቀን አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። «አንቲ፣ እውነቱን ንገሪን፤ አንክል ሲመሽ ያያል?» አሉኝ። አፌ ቀደመኝ። «ዓይኑ ደክሟል፤ ቤት ውስጥም ይደናቀፋል» አልኩ። ወደ እኔ አልዞርክም። «እውነቷን ነው» አልክና ነጩን የዳኛ ኮትህን አጥፈህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክ። በሳምንቱ መነጽር አድርገህ ገባህ። ሲመሽ መኪና መንዳትም ተውክ፤ እኔን ላለማጋለጥ መሆኑን እያወቅኩ ለጸሎት በአውቶቡስ እሄድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሰው ተነስቶ ሲመሰክር እኔ መዝሙር ደብተሬን እገልጥ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲሁ ኖርን፤ አንድም ቀን አላነሳህብኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቀብርህ በኋላ መነጽርህን አድርጌ ላነብ ሞከርኩ፤ ፊደሉ አልተለወጠም። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ያለ መነጽር ቤት ወሰድኩት። ልጅቷ ወደ መብራት ይዛ አየችውና «ማዘር፣ ይሄኮ ተራ መስታወት ነው» አለችኝ። ውጭ ቆሜ ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ።

አሁን የሚያስፈራኝ ይኸውልህ። ኮሚቴዎቹ ከእኛ ውሸት የተማሩት ትምህርት ስህተት ነው። ጥፋቱ የሽማግሌው ዓይን ነው ብለው ስላመኑ ዳኛውን ለወጡ፤ የእረፍቱን ሰዓት ግን አደጋው ቀን እንደነበረው ተዉት። ረቡዕ የአሁኑን ካፒቴን መግቢያው ላይ አግኝቼ ምግቡን ወደ ስምንት ሰዓት አድርጉት አልኩት። «አንቲ፣ ዶንት ዎሪ! አዲሱ ዳኛችን ወጣት ነው፣ ዓይኑ ንስር ነው። መብራቱም አዲስ ነው» ብሎ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። ናስሪን ሄልሜት ታደርጋለች አለኝ። አባቷም አድርጎ ነበር።

ትናንት ፀሐይ ስትገባ መብራቶቹን ሞከሯቸው። ወንበርህ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ሣሩ ነጣ፤ ሰማዩ ገና ቀላ እንዳለ ነው። አንዲት ወፍ ከዛፎቹ ተነስታ ወደ መሀል በረረች። ስትነሳ አይቻታለሁ። የት እንደደረሰች ግን አላየሁም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ምክር ብቻውን እንደማይሰማ አወቅኩ፤ ሰው የሚሰማኝ እውነቱን ከነምክንያቱ ስናገር ነው። በየገጹ ጀርባ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ፤ ስህተት ይሞላዋል፣ ግን ድስቱን ማን እንደከፈተው ግልጽ ነው። ረፊቅ ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። ናስሪን ከእንግዲህ አንቲ ትበለኝ አትበለኝም አላውቅም። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ እንዳትቆም ግን ማድረግ ይችላል፤ አባቷ ነው፤ ኮሚቴውም እሱን እምቢ አይልም።

አንተን እስከዛሬ የማስታውስህ ቤቴ ተቀምጬ፣ በዝምታ ነበር። ከእንግዲህ ስምህ በተነሳበት ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ተነስቼ፣ ባለቤቴ አጥርቶ ያይ ነበር እላለሁ። ይህን ቃሌን ያዝልኝ።

ረፊቅ ከሥራ የሚገባው በዚህ አገር አቆጣጠር አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እነዚህን ገጾች የምሰጠው ለእሱ ነው፤ በእጁ።

ዘነበች