የድንኳኑ ቦታ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቢሮአችን በሰፈሬ ለሚሠራ ኤምባሲ የነደፈው ዲዛይን ዛሬ ከኤምባሲው የደህንነት አማካሪዎች ተመልሶ መጣ። የመካኒሳ እድራችን የለቅሶ ድንኳን የሚተክልበትን ሜዳ እኔ ከአጥሩ ውጭ ክፍት አድርጌ ነበር የሳልኩት። አሁን በአዲሱ ዲዛይን ላይ አጥሩ እስከ መንገዱ ወጥቶ ሜዳው የመኪና መፈተሻ ሆኗል። ሜዳው እንዲተው አለቃዬን ብለምነው «ደንበኛው ወስኗል፣ በቃ» አለኝ።

ወደ ቤት ስመለስ እዚያው ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤታችን እማማ አስካለ አርፈዋል። ገብቼ ተቀመጥኩ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ አጠገቤ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ይቺንም ቦታ ይወስዱብን ነበር» አሉኝ። አዲሱ ዲዛይን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እውነቱን ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።

ጋሽ ታደሰ የሟች ዘመድ እንኳን አይደሉም፤ እኔ ግን እንደ ሐዘንተኛ «እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው።