አፈ ማርና ሁለተኛው ወንበር

ይድረስ ለማትጠገቢው እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን አረፍ እያልሽ ትወጫለሽ ወይስ ዛሬም እንደ ልጃገረድ ልሩጥ ትያለሽ? ወንድሜ ለዐይንሽ ሐኪም ዘንድ እንደወሰደሽ ነግሮኛል፤ አንቺ ግን በስልክ አንዲት ቃል አልተነፈስሽም። እንዳላስብ ብለሽ ነው አይደል? ስትደብቂኝ ይብሱን እንደማስብ እያወቅሽ! እኔ ሳሙናው እጄን ከመሰነጣጠቁ በቀር ደህና ነኝ።

በደወልሽ ቁጥር መቼ ነው የምትመጪው ትይኛለሽ፤ እኔም ሥራው ትንሽ ይደላደል እላለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ የጽዳት ሥራችን ደንበኛ የሚያገኘው እኔ በየበሩ ሳንኳኳ ነው። እኔ ከሄድኩ አብረውኝ የሚሠሩት ሁለቱ ሴቶች መወልወያ ታቅፈው መዋላቸው ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ ቀጠርኩ። አንቺ ዘንድ ለመምጣት ብዬ ነው የቀጠርኩት፤ ነገሩ እስኪያዝልኝ ድረስ ግን ደበቅኩሽ።

ሰውየው ቀድሞ ጫማ መደብር ውስጥ ይሸጥ ነበር። ቢሮ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ወለሉን፣ መስኮቱን፣ ባልዲዎቹን ሳይቀር አሞገሰ። ሴቶቹ ያኔውኑ አፈ ማር ብለው ስም አወጡለት። ደንበኛውንስ አመጣ፤ ግን የሰው ፊት እያየ እምቢ ማለት አይሆንለትም። ለአንዷ ውሻሽንም እናጥባለን ብሏት መጣ። ለሌላው የሦስተኛ ፎቅ መስኮት በውጭ በኩል እንወለውላለን አለው፤ የእኛ መሰላል እንኳን ፎቅ አምፖልም አያደርስ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ እየዞርኩ ይቅርታ ስጠይቅ ሰነበትኩ። ውሻውን አጠብነው፤ እኛም አብረን ታጠብን።

ላባርረው ቆርጬ ሳለ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አንቺ ቤት ወጡ ጨው በዝቶበታል ያለ ልጅ በማግስቱ ራሱ ነበር የሚያበስለው። እኔም መወልወያ አስያዝኩትና ከሴቶቹ ጋር አሰማራሁት። በገዛ እጅህ ያልሠራኸውን ለማንም ቃል አትግባ ብዬ ደንብ አወጣሁ። ማታ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ሲገባ ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሴቶቹ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ጽዳቱ ሲያልቅ ተቀምጠን እናጫውትዎታለን ብሎ ቃል ገብቷል። ደሜ ፈላ። እኛ ቀጥሎ ሌላ ቤት አለብን፤ ማን ይቀመጣል? ራሴ ልሰርዘው ሄድኩ። ሽማግሌው በሩን ሲከፍቱልኝ መስኮቱ ሥር ሁለት ወንበር ተዘጋጅቷል። እሱ ዛሬ አይመጣም እንዴ ብለው ከኋላዬ ኮሪደሩን አዩ። እማዬ፣ አንቺም የእግር ኮቴ በሰማሽ ቁጥር በሩን እንደዚህ ታዪ ይሆን ብዬ አሰብኩ። የሄድኩበትን ሳልናገር ተቀመጥኩ።

ስመለስ አፈ ማርን ያዝኩት። ደንቡን አልጣስኩም አለኝ። ያን ቤት ሲወለውል ሰንብቶ፣ ሥራ ሲጨርስ እሳቸው ዘንድ ይቀመጥ ኖሯል። ራሴ ሠርቼው ነው ቃል የገባሁት፣ የምቀመጠውም ከሥራ ሰዓት ውጭ እኔው ነኝ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ሌላውንም አይበድልም ብዬ የቢሮውን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ሴቶቹም ሂጂ፣ እኛ አለን አሉኝ።

ወንድሜን ስለ ዐይንሽ ስላልዋሸኝ ሳሚልኝ። ሚስቱን እንደ እህቴ እንደምናፍቃት ንገሪያት። ልጆቹን ጉንጫቸው እስኪቀላ ድረስ ሳሚያቸው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም መርፌ ሲጠፋት የምታማው ሰው እየመጣላት ነው በያት።

እማዬ፣ በሚመጣው ወር መግቢያ ላይ እመጣለሁ። ቤቱን እንዳትነኪው፣ እኔ አጸዳዋለሁ። አንቺ አጠገብሽ አንድ ወንበር ብቻ አውጪልኝ።

ልጅሽ

ከቢሯችን፣ ከባልዲዎቹ መሃል
እሑድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን