ከሙኑ አልሞተም ነበር

መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ

ለውድ እህቴ ለዓኒሳ፣
ጅቡቲ

እንደምን ከርመሻል? ፆሙስ እንዴት ይዞሻል? እኔም ሁዳዴን ይዣለሁ፤ ዘንድሮ ሁለታችንም እኩል ነው የተራብነው። የጅቡቲ ሙቀት ከእኛ ይብሳል ይላሉና ልጅሽ ፊርዶስ ቀን ቀን ከቤት እንዳታስወጣሽ። ስልክ ብደውል ብደውል ስለማታነሺልኝ ነው ወረቀት የያዝኩት። ባታነሺም ልክ ነሽ፤ እኔም ብሆን አላነሳም ነበር።

ከፊራ ገበያ ያለው መደባችን እንደነበረ ነው። በርጩማሽን ከቦታው አላነሳሁትም።

ስንት ዓመት ሙሉ አንቺ እየገዛሽ፣ እኔ እያሸተትኩ ቅመም ሸጥን። ሰዉ «ወይንሸት ካሸተተችው ይበቃል» ሲል ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ያን ቀን ያመጣሽውን ከሙን መዳፌ ላይ አሽቼ ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋው ምንም አልሸተተኝም። «ይሄ የሞተ ነው» አልኩሽ። አንቺም ወስደሽ አሸተትሽና ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «አቦ ወይንሸት፣ ከሙኑ ደህና ነው። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫሽ እንዳይሆን ችግሩ» አልሽኝ።

እስቲ ላስብበት ማለት ምን ነበረበት? እኔ ግን እንደተሰደበ ሰው ጮህኩ። በደንበኞቻችን ፊት አሮጌ ከአዲስ እየቀላቀለች ታመጣለች አልኩ። በዚያ ጉንፋን ወድቄ ሳለሁ ሾርባ ይዛ ስትመላለስልኝ የነበረችውን ሴት! አንቺ ሻሽሽን አስተካክለሽ ወጣሽ። ከዚያ በኋላ ከእጅሽ የሚገዛ ጠፋ፤ ብዙም ሳትቆዪ ወደ ፊርዶስ ሄድሽ። እኔም ጥፋት ባይኖርባት ትሟገተኝ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የሚገርምሽ፣ ከዚያ ወዲህ ራሴ የምገዛው ሁሉ ይሸተኝ ነበር። አሁን ሳስበው አይሸተኝም ነበር፤ የእኔ ግዢ ጥሩ መሆን አለበት ብዬ ስለማምን የሚሸተኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ። ባሌ ሣህሉም ወጡ ላይ ቅመም በዛ እያለ ሲያጉረመርም፣ ከባቡሩ ጡረታ ሲወጣ ምላሱም አብሮት ጡረታ ወጣ ብዬ አሾፍበት ነበር።

ቀጥሎ ደንበኛ መሸሽ ጀመረ። ይመጡና ሳያስመዝኑ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ስበው ይሄዳሉ። ዓኒሳ ናት ሰው አስነስታብኝ የሄደችው ብዬ ስረግምሽ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ቴምር ሻጩ ኩልሚዬ መጥቶ ከመደቡ ሥር ጎንበስ አለና በዱላ የሞተ ድመት ጎትቶ አወጣ። «ወላሂ ምንም አልሸተተሽም?» አለኝ። የተቀመጥኩበት ሥር እኮ ነው ዓኒሳ። ምንም አይሸትም ብዬ ልከራከረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ትሉን ሳይ እኔም ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፍኖ አፍንጫዬ ሥር የሆነ ነገር ያዘ። «አቅርበው እንጂ» አልኩት። ዓይኔን ስገልጥ የተከፈተ የአልኮል ጠርሙስ አፍንጫዬን ሊነካኝ ምንም አልቀረው። ጉንፋኑ ነው የጎዳሽ፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ። አንቺ መደባችን ላይ በነፃ የነገርሽኝን ሐኪም ቤት ሄጄ ሰማሁት።

ከዚያው በቀጥታ ከፊራ ሄጄ ተሳስቻለሁ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አፍንጫዋ ከማይሠራ ሴት ማን ቅመም ይገዛል? የእኔ እንጀራ እንዳይቋረጥ ብዬ የአንቺ ስም እንደጎደፈ እንዲቆይ ተውኩት። ከጩኸቴም ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይህ ዝምታዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት በጨርቅ የቋጠርሽው ቅርንፉድ ደረሰኝ። ያመጣው ሰው «ከዓኒሳ ነው» ከማለት በቀር መልእክት አልነበረውም። ፈትቼ አሸተትኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሐኪሙ ያን ሁሉ ነግሮኝ እንኳ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው የሞተ ላከችልኝ የሚል ነው። ዓኒሳ፣ እንዲህ ያለች ሰው ነኝ። ወደ ኩልሚዬ ዘረጋሁት። ገና እጄ ላይ እያለ እሱ ከማዶ ሆኖ፣ «ይሄ ከየት መጣ? ገበያውን ሞላው እኮ» አለ። ስጦታሽ ደህና መሆኑን ያወቅሁት ከእሱ ፊት ላይ ነው። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ትናንት ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ተነሥቼ ተናገርኩ። ከሙኑ ደህና ነበር፣ የሞተው የእኔ አፍንጫ ነው፣ ዓኒሳን ያለ ጥፋቷ ነው ያዋረድኳት አልኩ። የሳቁም አሉ። ለሳምቡሳ ቅመም ያስመዘነች አንዲት ሴት መልሳ ዘርግፋልኝ ሄደች። ሌሎቹ ደግሞ አንቺ መቼ እንደምትመጪ ጠየቁኝ። ስምሽን ሙሉ በሙሉ መልሼዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ያን ቀን ከሰሙት ትናንት ገበያ ያልወጡ አሉ።

ብትመጪ አንቺ እያሸተትሽ እኔ እመዝናለሁ። ባትመጪም አልፈርድብሽም።

አላህ ፆምሽን ይቀበልሽ፤ ከፊርዶስ ጋር ለዒዱ በሰላም ያድርሳችሁ። ሣህሉ ሰላም ብሎሻል፤ ከጥንትም ዓኒሳ አትዋሽም ብዬሽ ነበር እያለ ይኮራብኛል።

የበደለችሽ እህትሽ፣
ወይንሸት

ከደብዳቤው ጋር በወረቀት የጠቀለልኩት ጥቂት ከሙን አለ። ነጋዴው አዲስ ነው ብሎ ሸጠልኝ፤ እኔ አላውቅም። አሽትተሽ ደውዪልኝ። ደህና ነው ካልሽ እሸጠዋለሁ፣ ሞቷል ካልሽ እደፋዋለሁ። አልከራከርሽም።