ኮምፒውተሩን ሜክሲኮ እንዳትወስደው

ኤልዳድ፣ አልኩህ እኮ፣ ቫይረስ አይደለም! ትናንት ሰው ፊት የጮህክብኝ በከንቱ ነው።

ሰማያዊ ስክሪን እያመጣ የሚያጠፋው የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር፣ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ያለው ጠጋኝ ልጅ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ፎርማት ባደረገው ቁጥር ያንኑ የማይሆነውን ድራይቨር ከፍላሹ መልሶ ይጭንበታል። አንተ ደግሞ "በቃ፣ አዲስ ሆነ" እያልክ ታቅፈኸው ትመጣለህ።
አስጠላኝ።

ጎረቤታችን ሰብሪና እኔ ጋ ያስቀመጠችውን የሠርግ ቪዲዮ ያጠፋው ያ ፎርማት ነው። ሳትጠይቀኝ! ኮፒ አለመያዜ የእኔ ጥፋት ነው፣ እሺ። ግን አባቷ ከሞቱ ወዲህ ዱዓ ሲያደርጉላት ድምፃቸው የሚሰማው እዚያ ላይ ብቻ ነበር።

በሴፍ ሞድ ገብቼ አሮጌውን ድራይቨር አጥፍቼ ትክክለኛውን ጭኛለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። አሁን የተሰረዙ ፋይሎችን የሚፈልገው ፕሮግራም እየሠራ ነው። ምስሉ ተገኝቷል፣ ድምፁ ገና ነው። እንዳትነካው። ጌምህ ይቆይ።

ሰብሪና ከሰዓት ትመጣለች። ድምፁ ካልተገኘ አንተው ንገራት። ወደ እኔ እንዳትልካት።

እኔ ቤቱን ለቅቄ ወጥቻለሁ። ፍራሼ የነበረበት ወለል እርጥበት አለው፤ ኮምፒውተሩን እዚያ እንዳታስቀምጠው።

መብርሃቶም