ድንኳኑን ወደ ገበዝ ማርያም የወሰዱት የአቶ ሀብተሚካኤል ባንተአምላክ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሀብተሚካኤል ከአባታቸው ከቄስ ባንተአምላክ እንግዳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ኢየሱስ ገላው በሽንዲ አቅራቢያ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ቡሬ ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል።

በ1975 ዓ.ም. በጭነት መኪና ረዳትነት ሥራ ጀምረው ሾፌር ሆኑ፤ ኋላም የራሳቸውን አይሱዙ ገዙ። በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ ንግሥቴ ክንፈሚካኤል ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው መኪናው በወጣ ቁጥር ክፉ ወሬ ስለሚጠብቁ፣ አቶ ሀብተሚካኤል ደርሻለሁ ብለው ሳይደውሉ እህል አይቀምሱም ነበር።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ፍኖተ ሰላም የሰፈራቸው ዕድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን አንድም ለቀስተኛ ዝናብ አልመታውም።

ባለፈው ሐምሌ በኳሪት፣ ገበዝ ማርያም አካባቢ መሬት ተንሸራቶ ብዙ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ሲቀር፣ ሕዝቡ ያዋጣውን በቆሎና ብርድ ልብስ ጫኑ። ሽማግሌዎችን አስፈቅደውም የዕድሩን ድንኳን ከላዩ አኖሩ። ባለቤታቸው ክረምት ነው፣ እዚህ ሰው ቢሞትስ ብለው ለመኗቸው። እርሳቸው ግን በሕይወት ያለው ዝናብ ላይ እያደረ ለሞተ ሰው ድንኳን አይቀመጥም ብለው ሄዱ።

ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ጎርፍ መንገዱን ስለቆረጠው ከገበሬዎች ጋር ኩንታሉን በትከሻቸው ተሸክመው ወንዙን አሻገሩ። ሁለት ቀን ስልካቸው አልሠራም፤ ቤት ያለነው የምንሰማው ዝናቡን ብቻ ነበር። ሲመለሱ ይንቀጠቀጡ ነበር። በሳንባ ምች ታመው ሲታከሙ ቆይተው፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሽማግሌዎቹ ድንኳኑን እናስመጣ ብለው ነበር። ወ/ሮ ንግሥቴ ግን ሥሩ አራሶች እንደተኙ ከባለቤታቸው ሰምተዋልና አይነቀል አሉ። ዛሬ በአይሱዙው ሸራ ሥር ተጠጋግታችሁ ለተቀመጣችሁ ቤተሰቡ ይቅርታ ይጠይቃል።

ከሠልስት በኋላ ሸራው ተፈቶ ልጃቸው ቴዎድሮስ ሕዝቡ ካዋጣው የቀረውን ጭነት በዚያው መንገድ ይወስዳል። እናቱ አላስቀሩትም፤ ደርሻለሁ ብሎ እስኪደውል ድረስ ግን በጸሎት እንድታስቡት ይለምናሉ።

ሰውን ከዝናብ ያስጠለሉትን አባት፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በጥላው ሥር ያሳርፍልን።