በዱቡሻ እንደሰጡኝ በዱቡሻ ይውሰዱኝ

ነሐሴ 1989 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀብተጊዮርጊስ
የ«ታላቅ ወንድም ለታናሽ» የወጣቶች ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
አርባ ምንጭ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከአንዱ ዐውደ ጥናት ወደ ሌላው ሲመላለሱ ጤናዎ እንዳይጓደል፣ የአዋሳ ሆቴሎች ምግብም እንዲስማማዎ፣ ከጨንቻ ጉም ውስጥ ሆኜ በታላቅ ትሕትና እመኛለሁ። እኔም ክረምቱ ከገባ ወዲህ ካፖርቴ አለመድረቁን ካልቆጠርነው በቀር ደኅና ነኝ።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ እኔ ዕዝራ ተክለወልድ የማኅበራዊ አገልግሎት ተማሪ ስሆን፣ ለተግባር ልምምድ የላኩኝ አሸናፊ የተባለውን ወጣት ሸማኔ እንድመክር ነበር። ታዲያ ለለጋሾች የሚላክ ፎቶግራፍ ቢያስፈልግዎ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር በሚቆርጡበት አደባባይ፣ በዱቡሻ መካከል አቆሙንና «ከዛሬ ጀምሮ ይህ የአሸናፊ ታላቅ ወንድም ነው» ብለው አወጁ። ፎቶው እጅግ አምሮ እንደወጣ ሰምቻለሁ። እዚህ ግን በዱቡሻ የተነገረ ቃል ለፎቶ ነበር አይባልምና፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁን። እርስዎ መኪናዎ ውስጥ ገቡ፤ እኔ ዘመድ ሆኜ ቀረሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፦

፩ኛ. በዚህ ዕድሜዬ አዲስ እናት ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የአሸናፊ እናት ወይዘሮ ሻሺቱ ባላቸው ሞቶባቸዋልና፣ የቤቱ በኩር ብለው በሟች ወንበር ላይ አስቀምጠውኛል። ኮሌጅ ውስጥ ማዳመጥን ብቻ ስማር የኖርኩ ሰው ብሆንም፣ አሁን በድንበር ክርክር እኔ ቀድሜ ካልተናገርኩ ማንም አፉን አይከፍትም።

፪ኛ. አሸናፊ፣ አገኘሽ የምትባል ልጅ ታጭታለት ለመስቀል ሊያገባ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን በዚህ ቤት ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ አያገባም፤ ታላቁ ደግሞ፣ ለክቡርነትዎ ምስጋና ይግባና፣ እኔ ሆኛለሁ። የልጁን መንገድ እንዳቀና ተልኬ መንገዱ ላይ የተጋደምኩ ግንድ ሆንኩ። የልጅቷ አባት አቶ ጋሻዬ እስከ መስቀል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለጠየቃቸው ለአንድ የገረሴ ከተማ ሰው እንደሚድሯት በቁርጥ ተናግረዋል። አሸናፊም ሽመናውን ትቶ ያፈጥብኛል፤ ትናንት «ጋሼ፣ ወይ አግባ ወይ ጥፋ!» አለኝ።

፫ኛ. ምክሩን ተቀብዬ ለመጥፋት ሞክሬያለሁ። አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ ሳለሁ ረዳቱ ሻንጣዬን መልሶ አወረደና፣ የሻሺቱ በኩር ለጉዞ ሳይመረቅ ወዴት ይሄዳል ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪውም በሙሉ ወርዶ በእልልታ ቤቴ መለሰኝ። ለዚህ ፍቅር ምን ቃል ይበቃል? አሁን ደግሞ ወይዘሮ ሻሺቱ ሚስት እየፈለጉልኝ ስለሆነ፣ የጥርሴና የጉልበቴ ነገር በገበያው እየተጠየቀ ነው።

መውጫው ቀላል መሆኑን ሽማግሌዎቹ ነግረውኛል፤ ቃሉን የሰጠ ሰው እዚያው ዱቡሻ ቆሞ ቃሉን ይመልስ፣ በቃ። ከዐውደ ጥናት መክፈቻ ንግግር ያጠረ ሥራ ነው። እንዲመጡ ብለምን ግን ጽሕፈት ቤትዎ መንገዱ በዝናብ ምክንያት ለመኪና እንደማያመች አስታውቆኛል፤ ሸማኔዎቹ በገበያ ቀን ሸማ ተሸክመው የሚወርዱበትና የሚወጡበት መንገድ መሆኑን መጥቀስ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። በዚያው መልስ «ከወጣቱና ከቤተሰቡ ጋር ሙያዊ ርቀት ይጠብቁ» የሚል ምክርም ስለለገሱኝ፣ ለወይዘሮ ሻሺቱ አነበብኩላቸው። እሳቸውም «ርቀቱ እስከ የት ነው ልጄ? እስከ ጓሮ?» አሉኝ።

እንግዲህ መስቀል ሳይደርስ መጥተው ሁለታችንን ወንድማማቾች አንዳችንን ከሌላው ቢያላቅቁን፣ አንዱ ይዳራል፣ ሌላው ከኮሌጁ ይመረቃል። ዕድሜና ጤና፣ በተለይም ጥሩ ጎማ እየተመኘሁ፣ ሳልወለድ በኩር የሆንኩት ታዛዥ ተለማማጅዎ፣

ዕዝራ ተክለወልድ
ከጨንቻ

ግልባጭ፦ ለጨንቻ ገበያተኞች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሽማግሌዎቹ ትናንት መክረው፣ ለአንድ ቤት በኩር ልጅ የሚሰጥ ሰው የዚያ ቤት አባወራ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም ከሚል ስምምነት ደርሰዋል። ይህንኑ ለባለቤትዎ በክብር ለማብሰር ሣራቸውን ይዘው ዛሬ ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ወዳለው መኖሪያ ቤትዎ ወርደዋል። ወይዘሮ ሻሺቱ ግን መጀመሪያ መልክዎን ከቅርብ ልይ ብለዋልና፣ ገና እሺ አላሉም።