ጉሬዛ የተከሰሰበት ቋጠሮ

ጠሃ ወንድሜ፣ ቡሬ አጠገብ ካረፍኩበት ከገበሬው ከቸኮለ ቤት ሰላም እልሃለሁ። ዛሬ ጠዋት የጎተራው ገመድ ተፈትቶ በቆሎው ጎድሎ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ጥፋት ሁሉ የሚላከከው በዘበኛው ላይ ነው፤ እዚህ ደግሞ በጉሬዛ። ጎረቤቱ ደሴ ጦሩን ይዞ "ዛሬ አንድም አላስቀር!" ብሎ ተነሳ። ቆዳውን እንደሚፈልገው ስለማውቅ ጥድፊያው አልጣመኝም።

"ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም" አልኩ። "በአዝጋሚ ለውጥ የእኛው ረዝሞ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም፣ የእሱ ጉጥ ሆኖ ቀርቷል።"

"ኧረ ጋሼ፣ ይኸን ሁሉ ተምረው ለጉሬዛ ጠበቃ ሊቆሙ ነው?" አለኝ ደሴ።

የጎተራውን ገመድ መልሼ ቋጠርኩና "አውራ ጣቶችህን መዳፍህ ውስጥ አጥፈህ ቋጠሮውን ፍታ!" አልኩት በቁጣ። ጦሩን መሬት አስቀምጦ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ታገለ፤ አቃተው።

የቸኮለ ሚስት ዙፋን ስቃ "እንግዲያስ ሌባው አውራ ጣት ያለው ነዋ!" አለች። ደሴ ጦሩን ሳያነሳ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ዙሪያውን የቆሙት ሁሉ እንደ እሱ እጃቸውን ሸሸጉ፤ ቸኮለ ሳይቀር።

ቦታ አለቀብኝ። ለባለቤትህ ለሁስና ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ጉሬዛዎቹ ለዛሬ ተርፈዋል፤ እኔ ግን ሻንጣዬን ተንተርሼ ልተኛ ነው።

ስንሻው